ባሪ ሊንደንን ገና ልናየው ነው፦ የትኛው ቅጂ፣ በምን ሴቲንግ፣ ምን አውቀን?

የፒያሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የስታንሊ ኩብሪክን «ባሪ ሊንደን» (1975 እ.ኤ.አ.) እስካሁን አላየሁትም። ስለ ሻማ ብርሃኑ፣ ለናሳ ተሠራ ስለሚባለው ሌንስ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ሥዕል ነው ስለመባሉ ለዓመታት ስሰማ ኖሬ አሁን ጉጉቱ ከፊልሙ በልጦ እንዳያሳዝነኝ ሰግቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ከቤተሰብ ጋር ልናየው ቆርጠናል። ያለን 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ የብሉሬይ ማጫወቻና መካከለኛ ኢንተርኔት ነው። የትኛውን ቅጂ እንፈልግ? ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ምን ይስተካከል? ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ በሁለት ማታ ብንከፍለው ይበላሻል? የዘመኑን ታሪክ ባለማወቃችን የሚያመልጠን ነገር ካለስ? ታሪኩን ሳትነግሩኝ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ፍሬም ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ከቅጂው እንጀምር። እዚህ ላይ ከተሳሳትክ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው በ1.66 ለ1 ምጥጥን ነው፤ ማለትም የምስሉ ስፋት የቁመቱ 1.66 እጥፍ ነው። ኩብሪክ ፊልሙ ሲወጣ ለሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋቾች ደብዳቤ ጽፎ በዚህ ምጥጥን እንዲያሳዩት፣ ቢቸግር እንኳ ከ1.75 እንዳያልፉ አሳስቧል። የዛሬ ቴሌቪዥኖች 1.78 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዋርነር ብሉሬይ ስክሪኑን ሞልቶ በ1.78 ነው የተዘጋጀው። በ2017 የወጣው የክራይቴሪየን (የቆዩ ፊልሞችን አድሶ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) ብሉሬይ ግን ከ4ኬ እድሳት የተወሰደና በ1.66 የቀረበ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምስሉ ቁመት ወደ 7 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዚህ ፊልም ግን ከሰዎቹ ራስ በላይ የተተወው ሰማይና ከእግራቸው በታች የተዘረጋው ሣር የትዕይንቱ ግማሽ ናቸው። ሰው በመሬቱ ላይ ትንሽ ሆኖ እንዲታይ ታስቦ የተለካ ፍሬም ከላይና ከታች ሲቆረጥ ሰውዬው ሳይፈለግ ይገዝፋል።

የያዝከው ቅጂ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሽፋኑን ማንበብ አይበቃም፤ ስክሪኑን ለካ። ትክክለኛው ቅጂ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ጥቁር ጠርዞች ይተዋል። ከላይና ከታች ግን ምንም ጥቁር ሊኖር አይገባም። ጠርዞቹ ከሌሉ ወይ ቅጂው የተቆረጠ ነው፣ ወይ ደግሞ ቴሌቪዥንህ ራሱ ዙም አድርጎታል። ሁለተኛውን ለማጣራት የስዕል መጠን የሚለውን ሴቲንግ «16፡9» ላይ አድርገህ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን አብራ። ይህ ካልበራ ብዙ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳር ዳር ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ጠርዞቹንም የሚበላቸው ያ ነው።

ዲስክ ለምትገዙ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሜሪካ የሚሸጠው የክራይቴሪየን ብሉሬይ ለክልል ኤ ብቻ የተቆለፈ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አፍሪካ በሙሉ ክልል ቢ ናቸው። ዘመድ ከዋሽንግተን ዲስኩን ቢልክላችሁ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ በተገዛ ተራ ማጫወቻ ላይ አይከፈትም፤ ክልል የማይመርጥ ማጫወቻ ያስፈልጋል። የ4ኬ አልትራ ኤችዲ ዲስኮች ግን የክልል ቁልፍ የላቸውም፤ የ4ኬ ማጫወቻ ካለ በየትም አገር ይሠራሉ።

የድሮ የአውሮፓ ዲቪዲ እጃችሁ ከገባ ርዝመቱ 177 ደቂቃ አካባቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ተቆርጦ አይደለም። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ የአውሮፓው ፓል ሥርዓት በ25 ስለሚያስሮጠው 184 ደቂቃው በ4 በመቶ ያጥራል። ጉዳቱ የሚሰማው በሙዚቃው ላይ ነው፤ ድምፁ ከትክክለኛው ቅኝት ወደ ግማሽ ድምፅ በሚጠጋ ከፍ ይላል። የሄንደል ሳራባንድ (የፊልሙ ዋና ሙዚቃ) በዚህ ፊልም እንደ ልብ ምት የሚመላለስ ስለሆነ ሌላ አማራጭ ካለ ይህን ተወው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። መጀመሪያ የስዕል ሞዱን «ፊልምሜከር» አድርገው፤ ከሌለ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ»። ቀጥሎ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፋ፤ ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ይህ ለማንኛውም ፊልም ይጠቅማል፤ ለባሪ ሊንደን ግን ግዴታ ነው። ፊልሙ ከአንድ ፊት ወይም እጅ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ኋላ በሚሸሽ ዙም የተሞላ ነው። ማለስለሻው በርቶ ከሆነ ቴሌቪዥኑ በፍሬሞቹ መካከል የሌለ ፍሬም ፈጥሮ ይጨምራል፤ ዛፉና አጥሩ ከመደባቸው ተላቀው የሚንሸራተቱ ይመስላሉ፣ ነገሩ ሁሉ የቴሌቪዥን ድራማ ይሆናል።

ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ዳይናሚክ ኮንትራስትና የክፍሉን ብርሃን እያየ ራሱን የሚቀያይረው ሴንሰር ሦስቱም ይጥፉ። ሴንሰሩ በተለይ ክፉ ነው፤ ክፍሉ ስለጨለመ ብቻ መላውን ምስል ያጨልመዋል። ሻርፕነስ ዝቅ ይበል፤ ሶኒ ላይ ግን መሃሉ 50 ስለሆነ ዜሮ ብታደርገው ምስሉ ይደበዝዛል። የቀለም ሙቀት «ዋርም 2» ወይም በጣም ሞቃቱ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቢጫ ይመስልሃል፤ 10 ደቂቃ ስጠው፣ ዓይን ይለምደዋል።

ስለ ብርሃን መጠን ኩብሪክ በዚያው ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቷል፤ ስክሪኑ ላይ ከ15 እስከ 18 ፉት ላምበርት። በቴሌቪዥን ቋንቋ ከ51 እስከ 62 ኒትስ ማለት ነው። ከሱቅ እንደመጣ ያለ ቴሌቪዥን የዚህን ብዙ እጥፍ ያበራል። የሚቀነሰው «ባክላይት» (ከስክሪኑ ጀርባ የሚበራው ብርሃን) ነው፤ ኦሌድ ከሆነ «ኦሌድ ላይት»። ሶኒ ላይ ስያሜው ይለያል፤ እዚያ «ብራይትነስ» ማለት ባክላይቱ ሲሆን ጥቁሩን የሚነካው «ብላክ ሌቭል» የሚለው ነው። የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትንሽ አምፖል ብታበሩ ዓይናችሁ አይደክምም። ከፊት ለፊት የሚበራ መብራት ካለ ግን ስክሪኑ ላይ ይንጸባረቅና የጨለማውን ክፍል ይገድለዋል።

ድምፁ መጀመሪያ የተሠራው በሞኖ (በአንድ መስመር) ነው። ዲስኩ ላይ ሞኖና 5.1 (ከዙሪያ የሚሰማው) ካሉ ሞኖውን ምረጥ። የሳውንድባሩን ሰው ሠራሽ ሰራውንድ አጥፋ፤ የተራኪው ድምፅ ከመሃል መምጣት አለበት።

ሻማ ጠባቂ

ፍሬም ቆጣሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሌንሱ ልናገር፤ ሰዎች በዚህ ፊልም የሚያዝኑት አብዛኛውን ጊዜ በሌንሱ ወሬ የተነሳ ስለሆነ። «ያለ መብራት ተቀረጸ» ተብሎ የተነገረው ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሻማ ሲጠብቅ ይውላል። በሻማ ብቻ የበሩት ትዕይንቶች ከሦስቱ ሰዓት ውስጥ ጥቂቱ ናቸው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሌንሱ የካርል ዛይስ ፕላናር 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 0.7 ነው። በጠቅላላው የተሠሩት 10 ናቸው፤ 6ቱን ናሳ ለአፖሎ መርሐ ግብር ወሰደ፣ 3ቱን ኩብሪክ ገዛ። ፎቶ የምታነሱ ሰዎች ኤፍ 1.4 ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ይህ የዚያን 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ችግሩ ሌንሱ ለፊልም ካሜራ አለመሠራቱ ነበር። የኋላው መስታወት ከፊልሙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ መቀመጥ ስላለበት፣ በሌላ ካሜራ በመካከል የሚሽከረከረው ሸተር (ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ቦታ ያጣል። ኤድ ዲጁሊዮ የተባለው መሐንዲስ ሚቸል ቢኤንሲ ካሜራ ፈትቶ ውስጡን ቀየረው። ከዚያ በኋላ ያ ካሜራ ሌላ ሌንስ የሚቀበል አልሆነም።

የተቀረጸበት ጥሬ ፊልም 100 ኤኤስኤ (ለብርሃን ያለው ንቃት መለኪያ) ኮዳክ ነበር። ሲታጠብ በአንድ ስቶፕ (በእጥፍ) ተገፍቶ እንደ 200 ሆነ። የሻማውን ብቻ ሳይሆን መላውን ፊልም ነው ሲኒማቶግራፈሩ ጆን አልኮት እንዲህ ያሳጠበው፤ የአንዱ ክፍል ግሬይን (የፊልሙ ረቂቅ ቅንጣት) ከሌላው እንዳይለይ። ስለዚህ ምስሉ ላይ የምታዩት ረቂቅ ንቅንቅታ የዲስኩ ጉድለት አይደለም፤ ኖይዝ ሪዳክሽን ይጥፋ የተባለውም ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በኤፍ 0.7፣ በ50 ሚሊ ሜትር፣ ሰውዬው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይኑ ጥርት ካለ ጆሮው ይደበዝዛል። ተዋናዩ ወደ ካሜራው ትንሽ ጎንበስ ቢል ፊቱ ይጠፋል። ካሜራው ውስጥ አይቶ ፎከስ መያዝም አይቻልም ነበር። ስለዚህ በጎን በኩል በ90 ዲግሪ ሌላ የቪዲዮ ካሜራ ተተክሎ፣ ሞኒተሩ ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ተዋናዩ ከመስመሩ ሲንቀሳቀስ እያዩ በእጅ ፎከስ ይከተሉት ነበር።

ይህን ካወቃችሁ በቁማር ጠረጴዛው ትዕይንት ሰዎቹ ለምን እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ይገባችኋል። አስደናቂው ነገር ኩብሪክ ያን ችግር ትርጉም አድርጎት ማለፉ ነው። እነዚያ ሰዎች ፊታቸውን ነጭ ቀብተው፣ ዊግ ደፍተው፣ ስሜታቸውን በዓይን ብቻ የሚለዋወጡ ናቸው። ባሪ (የፊልሙ ዋና ሰው) እና ሌዲ ሊንደን በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሲተያዩ እጃቸውን አትመልከቱ። የዓይናቸውን ሽፋሽፍት ተመልከቱ፤ ሻማው ሲወዛወዝ የፊታቸው ጥላ አብሮ ይተነፍሳል። ከዚያ እሷ አየር ልትቀበል ወደ ውጭ ትወጣለች፣ እሱ ይከተላታል፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አይነገርም። ሥሩ የሚጫወተው የሹበርት ትሪዮ ነው። ሹበርት ይህን ሙዚቃ የጻፈው በ1827 ነው፤ ታሪኩ ከሚሆንበት ጊዜ በብዙ አሠርት ዓመታት ይዘገያል። ኩብሪክ ልብሱንና ቤቱን ለዘመኑ አስጠንቅቆ ሲያበቃ እዚህ ላይ ዘመኑን የጣሰው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ውስጥ የፍቅር ሰቆቃ ስላጣ ነው።

ቀን ቀን የሚሆነው የቤት ውስጥ ትዕይንት ግን መብራት አለው። ከመስኮቱ ውጭ ትልልቅ መብራቶች ተተክለው ብርሃናቸው በስስ ወረቀት እየተጣራ ይገባ ነበር። እውነተኛ የፀሐይ ብርሃን በደመና ይለዋወጣል፤ አንድን ንግግር ግማሽ ቀን የሚቀርጽ ሰው ብርሃኑን ማሰር አለበት። ይህ ፊልሙን አያሳንሰውም። ሜዳው ላይ ለሚታየው የረጅም ዙም ሌንስ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከ24 እስከ 480 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ያ ሌንስ ቲ 9 ስለሆነ (ጥቂት ብርሃን ብቻ ስለሚያስገባ) ብርሃን የሚስገበገብ ነው፤ ደጅ ካልሆነ አይሠራም። አንዱ ፊልም በሁለት ጽንፍ ሌንሶች ተሠርቷል ማለት ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ የሻማውን ነገር አሁን አንብባችሁ ቅዳሜ ርሱት። ሻማ ጠባቂ ሆኖ የተቀመጠ ሰው የሚያመልጠው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ በአየርላንድ አረንጓዴ ላይ የሚጀምር፣ በአብዛኛው ቀን ቀን የሚሆን ነው፤ አስቂኝም ነው።

ወለተ ጎንደር

ሻማ ጠባቂ፣ «አስቂኝ» ስላልክ አመሰግናለሁ። ይህን ፊልም እንደ ሙዚየም በጸጥታና በአክብሮት የሚያዩት ሰዎች ግማሹን ያጡታል። ሽፍታው ባሪን ሽጉጥ ደግኖ ሲዘርፈው የሚጠቀምበትን የትሕትና ቋንቋ አዳምጡ፤ እንደ ግብዣ ነው። ሳቅ ቢመጣባችሁ ሳቁ፤ ሁለተኛው ክፍል የሚከብደው የመጀመሪያው ስላሳቀ ነው።

የፒያሳ ልጅ፣ ስለ ታሪኩ የጠየቅከውን ልመልስ። ዘመኑን ለመገመት ከእኛ ጋር አያይዘው። ታሪኩ ከ1750ዎቹ እስከ 1789 ይሄዳል (ቁጥሮቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ባሪ በሰባት ዓመቱ ጦርነት (ከ1756 እስከ 1763) ወታደር ሲሆን ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነግሠው፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ነበሩ። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር የገባው በ1770 ነው፤ እንግዲህ ብሩስ ከአገሩ ትቶት የመጣው ዓለም ፊልሙ ላይ የምታዩት ዓለም ነው።

የጦርነቱን ፖለቲካ ማወቅ አያስፈልግም። ይህን ብቻ ያዙ፦ እንግሊዝና ፕሩሲያ ወዳጅ ናቸው፣ ፈረንሳይ ጠላት። ቀይ ልብስ እንግሊዝ፣ ሰማያዊ ልብስ ፕሩሲያ። የጀግናው ልብስ ቀለሙን ሲቀይር የት እንዳለ በዚህ ታውቃላችሁ።

ከልጆች ጋር የምታዩት ከሆነ «ለምን ቆመው ይሄዳሉ፣ ለምን አይደበቁም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ጠመንጃ በውስጡ ጥርስ የሌለው፣ በአፈሙዙ የሚጎረስ ነው፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ቢተኩስ ነው። ከ100 ሜትር በላይ አንድን ሰው አልሞ መምታት ዕድል ነበር። ስለዚህ ጥቅም የሚሰጠው ብዙ ሰው ተሰልፎ ባንድ ጊዜ ሲተኩስ ብቻ ነበር። ጎንበስ ያለ ወይም የሮጠ ሰልፉን ይበትናል፣ ሰልፉ ከተበተነ ፈረሰኛ ይገባበታል። ከበሮው ደግሞ እርምጃ እንዳይሳት ነው። ይህን ሳታውቁ ካያችሁት ትዕይንቱ ሞኝነት ይመስላል፤ አውቃችሁ ካያችሁት ግን ልብ ይሰብራል።

ከሁሉም በላይ የኛ ሰው ሊያመልጠው የሚችለው የውርስ ነገር ነው። በአማራው የርስት ሥርዓት መሬት በእናትም በአባትም ይወረሳል፣ ልጆች ሁሉ ይካፈሉታል። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ግን ቤቱም መሬቱም ማዕረጉም ሳይከፈል ለበኩር ልጅ ነው የሚሄደው። ሌዲ ሊንደን ከመጀመሪያው ባሏ የወለደችው በኩር አላት፤ ሎርድ ቡሊንግደን ይባላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢያገባት በሕይወት እስካለች ከሀብቷ ጋር ይኖራል እንጂ ምንም አይወርስም፤ ከእሱ የሚወለድ ልጅም ባዶውን ይቀራል። በሁለተኛው ክፍል ባሪ የራሱን ማዕረግ ለማግኘት ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን እንደሚረጭ ያልገባው ተመልካች «ሰውዬው አበደ እንዴ?» ይላል። አላበደም፤ እናቱም ስትገፋፋው ትክክለኛውን ስሌት ይዛ ነው። ያን ትንሽ ልጅ በቡሊንግደን ፈቃድ ከማደር ማዳን ነው ጉዳዩ። ይህን አንድ ነገር ለቤተሰብህ አስቀድመህ ብትነግራቸው ታሪኩን አላበላሸህም፤ ቁልፉን ሰጠሃቸው።

ሰብታይትል አብሩ። እንግሊዝኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ረጅምና የተጠማዘዘ ነው፤ እንግሊዝ አገር የኖረ ሰውም ያብራው። ጥቂት ቃላት፦ «ጊኒ» 21 ሺሊንግ ነው፤ ፓውንድ 20 ነበረ። ሽጉጥ ለመተኳኮስ የሚገጥሙ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚያቆሙት ምስክርና አደራዳሪ «ሰከንድ» ይባላል፤ የሰዓት ሰከንድ አይደለም። የተሰደበ ሰው «ሳቲስፋክሽን» ጠየቀ ከተባለ እርካታ ፈለገ ማለት ሳይሆን፣ ክብሬ በሽጉጥ ይታይልኝ አለ ማለት ነው። በማሽን የተተረጎመ ሰብታይትል እነዚህን ሦስቱን ያበላሻቸዋል።

ስለ ተራኪው አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልሙ የተወሰደው ከዊልያም ሜክፒስ ታከሪ ልቦለድ (1844) ነው። በመጽሐፉ ባሪ ራሱ ነው የሚያወራው፤ እየዋሸ፣ ራሱን እየካበ። ኩብሪክ ያን ትቶ ከላይ ሆኖ የሚያይ ተራኪ አቆመ። ይህ ተራኪ የሚመጣውን መከራ ሳይደርስ ይነግራችኋል። ስህተት እንዳይመስላችሁ። «ምን ይሆን ይሆን?» የሚለውን ጭንቀት አንሥቶ በቦታው «ይህ ሰው አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ» የሚል ሐዘን ያስቀምጣል። በፊልሙ ቀዘቀዝኩ የሚሉ ሰዎች የሚጠብቁት ልብ አንጠልጣይነትን ነው። ደግሞም ተራኪውን በጭፍን አትመኑት። እሱ ባሪን ሲንቀው ካሜራው የባሪን ፊት የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ፊቱ ላይ ያለው ሌላ ነው።

መክፈሉን በተመለከተ፦ ፊልሙ ራሱ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ያልቃል፤ የዕረፍት ጽሑፍ ይመጣል። በሁለት ማታ ማየት ካለባችሁ እዚያ ላይ ብቻ ቁረጡ፤ ሁለተኛውም በማግሥቱ ይሁን፣ ሳምንት አይለፈው። የሚሻለው ግን በአንድ ማታ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ብትጀምሩ 3 ሰዓት ሳይሞላ ዕረፍት ላይ ትደርሳላችሁ። ቡናው የዚያን ጊዜ ይፈላ፤ 20 ደቂቃ ዕረፍት አድርጋችሁ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይጠናቀቃል። እራት ግን አስቀድማችሁ ብሉ፤ እየበሉ የሚታይ ፊልም አይደለም።

የፒያሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ዲስኩ እስከ ቅዳሜ አይደርስም፤ በኪራይ ስትሪሚንግ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ልናየው ነው። ጠርዞቹ በግራና በቀኝ አሉ፤ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ የሻማ ትዕይንት ስሞክር ግድግዳው ላይ የጡብ ንጣፍ የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ፣ ጥቁሩም ግራጫ ነው። ቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ኢንተርኔቱ?

ፍሬም ቆጣሪ

ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ጡቡ ከኢንተርኔቱ ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ ብሎ የሚሄድ ግድግዳ ለቪዲዮ ማመቂያ በጣም ከባድ ነገር ነው፤ ዳታ ሲያንሰው ልዩነቱን ጠቅልሎ አንድ ቀለም ያደርገዋል። ከላዩ ግሬይን ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ብሉሬይ በሰከንድ 30 ሜጋቢት አካባቢ ይልካል፤ ስትሪሚንግ በ1080 ፒክስል ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ነው፣ መስመሩ ሲደክም ከዚያም ይወርዳል። አገልግሎቱ አስቀድሞ ማውረድ የሚፈቅድ ከሆነ በትልቁ ጥራት አርብ ማታ አውርደው። ካልሆነ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝ፣ የቤቱ ስልኮች ሁሉ ከዋይፋይ ይውጡ፣ ጥራቱንም ከ«ኦቶ» አውጥተህ ከፍተኛው ላይ ቆልፈው። ብሮውዘር ላይ ከምታየው የአገልግሎቱን አፕ ጭነህ ብታየው ይሻላል፤ አንዳንዶቹ ብሮውዘር ላይ ጥራቱን ይቀንሳሉ።

ግራጫው ከላፕቶፑ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኮምፒዩተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይቆጥራል፤ ቪዲዮ ደግሞ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ይላል። ላፕቶፑ በ16 ልኮ ቴሌቪዥኑ 0 ሲጠብቅ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ የጨለማው ክፍል ተደፍኖ የልብሱ እጥፋት ሁሉ ይጠፋል፤ ያኛው ይከፋል፣ ተመልካቹ አያስተውለውምና። ቴሌቪዥኑ ላይ «ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል» ወይም «ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን ፈልገህ ከላፕቶፑ የግራፊክስ ሴቲንግ ጋር አንድ አድርጋቸው፤ ሁለቱም «ሊሚትድ» ወይም ሁለቱም «ፉል»። ከዚያ በርዕሱ ላይ ፈትሽ። የፊልሙ ርዕስና የየክፍሉ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ነው። መብራት አጥፍተህ እዚያ ላይ አቁመው፤ የጽሑፉ መደብ ወደ ቴሌቪዥኑ ክፈፍ ጥቁረት መቅረብ አለበት። ቀጥሎ ወደ ሻማው ትዕይንት ሂድና ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ላይ አቁም። የኮቱ እጅጌና ትከሻ ከጀርባው ጨለማ ተለይቶ ከታየ ጨርሰሃል፤ ካልተለየ ጥቁሩን አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ አድርገው።

ላፕቶፑንም በ24 ኸርዝ እንዲልክ አድርገው፤ 60 ላይ ከሆነ ያ ቀስ የሚል ዙም በየሰከንዱ ይንገጫገጫል።

ወለተ ጎንደር

አንድ ልጨምር፤ ለስትሪሚንግ ብቻ የሚሆን ነው። «ቀጣዩን በራሱ አጫውት» የሚለውን ዛሬውኑ አጥፉት። ፊልሙ ሲያልቅ በመጨረሻ የሚመጣ አጭር ጽሑፍ አለ፤ አፑ ግን ፊልሙ አለቀ ብሎ ምስሉን ጥግ ላይ አሳንሶ ማስታወቂያ ይደቅንበታል። ከዚያ ጽሑፍ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ወረቀት ትፈርማለች። ድምፁን አትቀንሱት፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማል። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት ለማንበብ ከፈለጋችሁ ምስሉን አቁሙት፤ 1789 ነው፣ ፈረንሳይ የተነሣችበት ዓመት። ከዚያ እንደገና አስነሥታችሁ ፊቷን እዩ፤ ብዕሩን ይዛ ለአፍታ የምትቆምበት ጊዜ አለ።